ፋይሏ ላይ ያልተጻፈው፦ የአንዲት የድሬ የስኳር ታካሚ ኬዝ

እኔ ነርስ ነኝ፣ ይሄ ጽሁፍ በጥንካሬ ላይ የተመሰረተ የነርሲንግ እንክብካቤ፣ ማለትም ታካሚው የጎደለውን ብቻ ሳይሆን የሚችለውን ይዞ መስራት፣ አንድ ኬዝ ላይ ምን እንደሚመስል ነው። ታካሚዋ በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ቀፊራ ገበያ አካባቢ ቀዝቃዛ ውሃና የሁመር (ታማሪንድ የሚባለው ፍሬ) ጁስ ትሸጣለች፣ አይነት 2 ስኳር ካለባት ከአስር አመት በላይ ሆኗታል። ወደኛ የገባችው በግራ እግሯ ቁስል ነው። ሸበጧን ሚስማር በስቶት ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ቆማ ስትሸጥ ውላ ማታ ልታወልቅ ስትል ደም አየች፣ ያወቀችው ያኔ ነው፣ ህመም የሚባል ነገር አልተሰማትም፣ ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳው እንዲ ነው ሚያደርገው። መጀመሪያ ቤት ውስጥ በጨውና በሙቅ ውሃ ሞከረች፣ ከዛ ከፋርማሲ ቅባት ገዛች፣ እኛ ጋር ስትደርስ ሁለተኛዋ ጣት ጠቁራ ነበር። ጣቷ ተቆረጠ፣ ቁስሉ ተጠረገ፣ አንቲባዮቲክ በደም ስር ተጀመረ፣ ስኳሯ ከ400 በላይ ስለነበር በኪኒኑ ላይ ኢንሱሊን ተጨመረ፣ ኤንፒኤች የሚባለው የኢንሱሊን አይነት፣ ጠዋት 20 ዩኒት ማታ 10።

ይሄን እንድጽፍ እሷን ጠይቄ ፈቅዳልኛለች፣ ስም አልጠቅስም፣ እሷን ሚያሳውቁ አንዳንድ ነገሮችም ተቀይረዋል። ሆስፒታሉም ድሬ ውስጥ ያለ አንድ ሆስፒታል ነው፣ ይሄ ይበቃል።

ፋይሏ ወፍራም ነው። ከዚ በፊትም ተኝታ ነበር፣ ህክምናዋን ሳትጨርስ ፈርማ ወጥታለች። ኢንሱሊንም ያኔ ተጀምሮላት አቋርጣዋለች። የተለያየ ሰው በተለያየ እጅ ጽሁፍ አንድ አይነት ነገር ጽፎባታል፣ "ፑር አድኸረንስ" (መድሃኒቷን በስርአት አትወስድም)፣ "ያልተማረች"፣ "ምክር አትቀበልም"። ሺፍት ስንቀያየርም ሚነገረው ያው ነው፣ "አልጋ 6 አስቸጋሪዋ ናት፣ ትጠፋለች እንዳትዘናጊ"። አንድ ሰው ላይ እንዲ አይነት ስም አንዴ ከተለጠፈ ቀጥሎ የሚመጣው ነርስ ፋይሉን እንጂ ሰውየውን አያይም፣ ይሄ ሁላችንም ጋር ያለ ነው።

አሁን ስለ አካሄዱ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው በስም እንጂ በስራ ስለማያውቀው። በጥንካሬ ላይ የተመሰረተ የነርሲንግ እንክብካቤ የሚባለው ካናዳ ሞንትሪያል ያለው ማክጊል ዩኒቨርስቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ውስጥ ያደገ ነው፣ ሎሪ ጎትሊብ ናት በስርአት ያደራጀችው፣ ከሷ በፊት እዛው ማክጊል ሞይራ አለን ቤተሰብን የህክምናው አጋር አድርጎ የሚያይ የነርሲንግ ሞዴል ጀምራ ነበር። አራት ምሰሶ አለው ይባላል፦ ሰውየውን ማእከል ማድረግ፣ አቅም እንዲኖረው ማድረግ፣ በሽታ ላይ ብቻ ሳይሆን ጤናን ማሳደግ ላይ መስራት፣ እና ከታካሚው ጋር በአጋርነት መስራት። ወረቀት ላይ ሲታይ ማንም አይቃወመውም፣ እንደውም ሁሉም ሰው "እኛማ እሱን ነው ምንሰራው" ይላል። ኧረ አንሰራም። ዎርድ ውስጥ "ስትሬንግዝ" ሲባል የሚገባን ታካሚውን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "ጎበዝ፣ ጀግና ነሽ" ማለት ነው። እሱ ደስ ይላል እንጂ ለቁስሉ ምንም አያደርግም። እኔ ከዚ ኬዝ የያዝኩት ነገር ምን መሰላችሁ፣ ጥንካሬ ፈልጎ ማግኘቱ ገና ግማሽ ስራ ነው፣ ያገኘሽውን ጥንካሬ የሆነ ቁርጥ ያለ ስራ ካልሰጠሽው፣ ማለትም ይሄ ችሎታዋ ይችን ችግር ይፍታ ብለሽ ካላገናኘሽው፣ ቻርት ላይ ቆንጆ አረፍተ ነገር ሆኖ ይቀራል።

አሰስመንት ፎርማችን ላይ እኮ ቦታው አለ። የጎርደን 11 ፓተርኖች፣ ማለትም ነርስ ታካሚን ስትመረምር የምትጠይቃቸው 11 የኑሮና የጤና ዘርፎች፣ እንሞላለን አይደል፣ የአመጋገብ፣ የሽንትና ሰገራ፣ የእንቅልፍ ምናምን በደንብ ይሞላል፣ ሚና እና ግንኙነት፣ ጭንቀትን መቋቋም፣ እምነትና እሴት የሚሉት ጋር ስንደርስ ግን ሁሉም "ኖርማል" ወይም ሰረዝ ነው። የሷም ፋይል ላይ ሰረዝ ነው። ጎርደን ያስቀመጠቻቸው ለሰረዝ አልነበረም።

አንድ ከሰአት፣ ዎርዱ ጸጥ ሲል (ድሬ ከሰአት ላይ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፣ ከተማው ሁሉ ጋደም ብሏል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው) ድሬሲንጓን (የቁስሏን ፋሻ) ልቀይር ሄጄ እዛው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ የድሬ ልጅ አይደለሁም፣ አንቱ ማለት ለምዶብኛል፣ "እማማ እንዴት ዋሉ" ስላት "አቦ አንቱ አትበይኝ፣ ገና ሃምሳዬ ነው!" ብላ ሳቀች፣ ከዛ ወዲህ አንቺ ነው የምላት፣ እሷም "ሲስቱካ" ነው ምትለኝ። ለምን ኢንሱሊን እንዳቋረጠች አልጠየኳትም፣ እሱን ብዙ ሰው ጠይቋት መልሱን ሸምድዳዋለች፣ "እሺ ከአሁን በኋላ አላቋርጥም" ትልሽና ያልቃል። የጠየኳት "ሰፈር ውስጥ ሰው አንቺን ሚያማክርሽ በምን ጉዳይ ነው?" ብዬ ነው።

"በገንዘብ ነዋ" አለችኝ ሳታስብ። የእቁብ ዳኛ ናት። ገበያ ውስጥ ያሉ ሴቶች እቁብ፣ ለአመታት፣ ፊደል ሳትቆጥር። ያኔ ለምን ፈርማ እንደወጣች በዛው ተነገረኝ፣ የእጣው ቀን ደርሶ ነበር፣ "የሰው ብር እጄ ላይ ይዤ እዚ ልተኛ? ዳኛዋ ብር ይዛ ጠፋች ሲባል ቆሜ ልስማ?" አለችኝ። ፋይሉ ላይ "ምክር አትቀበልም" ተብሎ የተጻፈው ይሄ ነው። ሁለት ቀን ቀድመን ብንጠይቃት የእህቷ ልጅ ብሩን አስረክባ ትመለስ ነበር፣ በቃ።

ቀጥዬ ዱቤ ትሰጫለሽ ወይ አልኳት። "ዱቤ ካልሰጠሽ ቀፊራ ላይ ማን ይገዛሻል?" እና በምን ትይዢዋለሽ ስላት በማግስቱ የእህቷን ልጅ ልካ አስመጣችው፣ የብስኩት ካርቶን ነው፣ ተቀዶ የተዘረጋ፣ በከሰልና በእስኪርቢቶ የተሞላ። ከግራ በኩል ምስሎች አሉ፦ ክብ ማለት ባጃጅ ነጂው ነው፣ ዱላ ዘበኛው፣ መቀስ ልብስ ሰፊው፣ አንዱ ደሞ ትልቅ ጆሮ ብቻ ነው ("እሱ እንዳያይብኝ!" አለች)። ከየምስሉ ፊት ለፊት ቁም መስመርና ነጥብ ተደርድሯል። አንድ መስመር 50 ብር፣ አንድ ነጥብ 10 ብር። ሲከፍሉ ትሰርዘዋለች። ከሰላሳ በላይ ሰው አለ እዛ ካርቶን ላይ፣ ጠይቂኝ ብላኝ በዘፈቀደ ጠየኳት፣ ማን መቼ ምን ያህል እንደወሰደ አንዱንም አልሳተችም። እና ይቺ ሴት ናት "ያልተማረች ስለሆነች ራሷን መርፌ መውጋት አትችልም፣ ዶዝ ታምታታለች" ተብላ የተጻፈባት።

ፊደል አታነብም እንጂ ቁጥር ታነባለች። ብር ትቆጥራለች፣ ስልክ ትደውላለች። ይሄ ቀላል ነገር ነው ግን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ስለዚ የመጀመሪያው ስራ ካርቶኑን ወደ ስኳር መመዝገቢያ መቀየር ሆነ። እኛ ምንሰጠው የክትትል ደብተር ሰንጠረዥ ነው፣ ቀን፣ ሰአት፣ ዶዝ፣ አስተያየት፣ ለሷ ምኗም አይደለም። እሷ ራሷ ነው ያወጣችው፣ አዲስ ካርቶን ላይ ጸሀይ ስትወጣ ያለ ምስል ለጠዋት ሳይበላ የሚለካው፣ ትሪ ለምሳ ሰአት፣ ጨረቃ ለማታ፣ እና ግሉኮሜትሩ (የስኳር መለኪያ ማሽኑ) ላይ የሚወጣውን ቁጥር በራሷ ሂሳብ፣ 180 ከሆነ ሶስት መስመርና ሶስት ነጥብ። "180 ብር ዱቤ አለብኝ ማለት ነው" ትላለች። ኢንሱሊን ስትወጋ ደሞ እዛው ላይ ክብ። ከ70 በታች ከወረደ ምልክቱ ምን ይሁን ስላት "እሱማ እኔ ነኝ የተበደርኩት" ብላ መስመሩን አግድም አጋደመችው። ከ70 በታች ስኳር ወዲያው ጣፋጭ ነገር ሚያስፈልገው አደጋ መሆኑን እኛ ነገርናት፣ ምልክቱን እሷ ሰጠችው።

ሁለተኛው ኢንሱሊኑን ማስቀመጥ ነው። ፍሪጅ የላትም፣ ከዚ በፊት ያቋረጠችበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነበር፣ "ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ" ተባለች፣ ጎረቤት ቤት አስቀመጠች፣ ጎረቤት በር ቆልፎ ሰርግ ሄደ፣ ተወችው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ የተከፈተው ለአንድ አራት ሳምንት ያህል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሳያልፍ ውጪ መቆየት ይችላል፣ የኛ ከተማ ደሞ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰአት 35ን ማለፍ ልማዷ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከዛም በላይ ነው። ግን ይቺ ሴት ኑሮዋ ምንድነው? ድሬ ላይ ነገር ቀዝቃዛ አድርጎ መያዝ! ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ነፋስ ሚያገኘው ጥላ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ጆንያው ሲደርቅ ታርሳለች፣ የት ጥግ ነፋስ እንዳለ በሰአት ለይታ ታውቃለች። ስለዚ "ውሃሽን እንደምታቀዘቅዢው ኢንሱሊንሽን እንዴት ታቀዘቅዢዋለሽ?" ነው ያልኳት። መጀመሪያ በረዶ ላይ ላርገው አለች፣ እዚጋ ነው የኔ እውቀት የገባው፣ ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይሰራም፣ በረዶ መንካት የለበትም። እሺ ካለች በኋላ ሁለት የሸክላ ገንቦ አዘጋጀች፣ ትንሹን ትልቁ ውስጥ ከታ መሀሉን በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሞላችው፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ታርሳለች፣ ብልቃጡ በፕላስቲክ እቃ ተከድኖ ትንሹ ውስጥ፣ አፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ደሞ ይበልጥ ይሰራል። ፍሪጅን አይተካም፣ ያልተከፈተውን ብልቃጥ እዛ ውስጥ ለወራት ማከማቸት አይቻልም፣ ለዛ ነው መድሃኒቱን በወር በወር እንድትወስድ ከፋርማሲው ጋር የተነጋገርነው። ለምትጠቀምበት ብልቃጥ ግን በቂ ነው። ኤንፒኤቹን በመዳፏ አንከባልላ ወተት ሲመስል እንድትቀዳ፣ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ፍርፋሪ ነገር ከተጣበቀ እንድትጥለው አሳየናት፣ እሱን ጁስ እንደሚለይ ሰው ቶሎ ነው የያዘችው።

ስሪንጅ ላይ ያጋጠመውን ሳልናገር አላልፍም። በፊቱ ጊዜ ያስተማሯት "አስር መስመር ቁጠሪ" ብለው ነው፣ ባለ 1 ሚሊ ኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ አንዷ መስመር 2 ዩኒት ስለሆነች አስረኛው መስመር 20 ነው፣ ልክ ነው። ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ቀጠሮዋ ሳይሆን መጣች፣ አኩርፋለች፣ ከፕላስቲክ ከረጢት ሁለት ስሪንጅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። "ሲስቱካ ይሄን አዲሱን ሰጡኝ፣ ይሄ ቀጫጫ ነው፣ መስመሩ ግን እኩል ነው። ጠርሙሱ አንሶ ዋጋው ያልቀነሰ ለስላሳ አይተሽ አታውቂም? አንድ የተሰረቀ ነገር አለ።" ባለ ግማሽ ሚሊው ስሪንጅ ነበር፣ እሱ ላይ አንዷ መስመር 1 ዩኒት ናት፣ እዛኛው 20 ያለበት ቦታ ላይ እዚኛው 10 ነው ሚለው። እንደተማረችው አስር መስመር ብትቆጥር ግማሽ ዶዝ ነበር ምትወስደው፣ እኛም ቀጠሮዋ ላይ ስኳሯ ጨምሮ ስናየው "ይኸው አቋረጠች" እንል ነበር። ስሪንጅ ሲቀየር ለታካሚ መንገር ያለብን እኛ ነን፣ ማንም አልነገራትም፣ ያዳናት የነጋዴ አይኗ ነው። ከዛ ወዲህ መስመር መቁጠር ቀርቶ ቁጥሩን ነው ምታየው፣ ለሌሎችም እንደዛው ማስተማር ጀምረናል።

ስትሪፕ (ደም የሚጠበትበት የግሉኮሜትሩ ወረቀት) ውድ ነው፣ ይሄ የታወቀ ነው። ግሉኮሜትሩ የአንዷ የአፎሻ (እንደ እድር ያለ ማህበር) ጓደኛዋ ነበር፣ ጅቡቲ ያለ ልጇ የላከላት፣ ለሱ ሚሆን ስትሪፕ ድሬ ላይ ያለው አንድ ሁለት ቦታ ነው፣ የሌላ ማሽን ስትሪፕ ደሞ አይሰራም። ሴቶቹ በእቁቡ ላይ ትንሽ ትንሽ ጨምረው ስትሪፕ በጋራ መግዛት ጀመሩ፣ ለካ ከመሀላቸው ሌሎችም ስኳር ያለባቸው አሉ። እዚ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ተናግሬያለሁ፣ ማሽኑን በደንብ አጽድቶ መዋስ ይቻላል፣ መውጊያዋን ግን በፍጹም፣ ሄፓታይተስ ቢ በዛች ጠብታ ደም ይተላለፋል። የእግር ምርመራውም እንደዛው ያላትን ችሎታ ይዘን ነው፣ ማንጎና ፓፓያ ስትገዛ በእጇ ዳብሳ የተመታውን ትለያለች፣ ጠዋት ጠዋት እግሯን በዛው እጅ ትዳብሳለች፣ አንዱ እግር ከሌላው ሞቅ ካለ ትመጣለች፣ ውስጥ እግሯን የእህቷ ልጅ ታይላታለች፣ ጫማ ከመደረጉ በፊት ይራገፋል።

በጣም የገረመኝ ግን የጁሱ ነገር ነው። ከወጣች በኋላ ጠዋት ሳትበላ ሚለካው እየወረደ መጣ፣ የምሳ ሰአቱ ግን ይዘላል፣ አንዳንድ ቀን 150 አንዳንድ ቀን ወደ 300 ሚጠጋ። ክሊኒክ ያለው ሀኪም የጠዋቱን ኢንሱሊን ሊጨምርላት ብእሩን አንስቶ ነበር፣ ትክክል ነው፣ ቁጥሩን ብቻ ካየሽ ሚያስኬደው እሱ ነው። እሷ ካርቶኗን ዘረጋችና በጣቷ እየሄደች "ቆይ ዶክተር፣ ይሄ እኮ አንዱን ቀን እየዘለለ ነው ሚጨምረው" አለች። ትንሽ አሰበች። "ሁመር ማዘጋጅበት ቀን ነው።" ሁመር ጎምዛዛ ነው፣ ስኳር ብዙ ይፈልጋል፣ ልኩ እስኪመጣ ትቀምሳለች፣ ትጨምራለች፣ ደግማ ትቀምሳለች፣ በሲኒ በሲኒ። መጠጣት አድርጋ አታየውም፣ "ጣፋጭ ትጠጫለሽ?" ተብላ ስትጠየቅ "አልጠጣም" ነበር መልሷ፣ አልዋሸችም እኮ፣ ቀመሰች እንጂ አልጠጣችም። አሁን ምትቀምሰው የእህቷ ልጅ ናት፣ የምሳው ቁጥር ወረደ፣ ዶዙ እንዳለ ቀረ። ዶዙ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ውሃ ብቻ ምትሸጥበት ቀን ከሰአት ላይ፣ ኤንፒኤቹ ጉልበት በሚያገኝበት ሰአት፣ ስኳሯ ወርዶ ገበያ መሀል ትወድቅ ነበር። እኛ የላብራቶሪ ውጤት ሚመስል ነገር ካልሆነ አናምንም፣ የካርቶኗ ጥራት ግን ብዙ ተማርን ባይ ታካሚ ቀጠሮው ዋዜማ ላይ ቁጭ ብሎ ከሚሞላው ደብተር በስንት ጣዕሙ።

ሁሉም ግን እንዲ አልሄደም። እግሯ ላይ ጫና ማንሳት የሚባለው፣ ቁስሉ ያለበትን እግር አለመርገጥ፣ ለእግር ቁስል ከድሬሲንግ በላይ ወሳኝ የሆነው ነገር፣ እሱ ላይ ብዙ ጊዜ ተሸንፈናል። የሚሆን ጫማ የለም፣ ክራንች ይዛ ገበያ መሀል አትችልም። ቁጭ ብለሽ ሽጪ አልናት፣ ጥቂት ቀን ሞክራ ተነሳች፣ ቁስሉ ወደኋላ ተመለሰ። ተቆጣናት እንዴ? አንዳንዶቻችን አዎ። እሷ ያለችው "ቁጭ ብዬ በፋሻ እግሬ ከሸጥኩ ታማለች ብለው ከኔ እጅ ጁስ አይጠጡም" ነው፣ እና ልክ ናት፣ እኔም ብሆን አልጠጣም። ይሄ የእውቀት ችግር አይደለም፣ የገበያ ችግር ነው። መፍትሄውም የመጣው ከገበያ በኩል ነው፣ የእህቷ ልጅ ከፊት ሆና ትቀዳለች፣ እሷ ከኋላ ሻሽ በተጋረደ ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች፣ እግሯ የለስላሳ ሳጥን ላይ። ዳኛነቷን ለመደች ማለት ነው፣ መቀመጥ እንደ ማእረግ ሲሆን ተቀመጠች። ቁስሉ ለመዘጋት ግን ወራት ፈጅቷል፣ መሀል ላይ ድጋሚ አንቲባዮቲክ ወስዳለች።

ስራ ባልደረቦቼ ምን አሉ? አንዷ "አንቺ ለአንድ ታካሚ ስታወሪ የሌላው ቫይታል ሳይን ማን ይውሰድ?" ብላኛለች፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ወሬው የተወራው ድሬሲንግ እየተቀየረ ነው የሚል ነው፣ እጅ ስራ ላይ ሆኖ አፍ ስራ አይፈታም፣ ድሬሲንጉ ሆነም አልሆነም ጊዜውን ይወስዳል፣ በዛ ጊዜ ምን ምንጠይቀው ነው ሚለየው። የሌላው አስተያየት ግን ከበድ ይላል። እሱ ያለው "ይሄ ነገር መንግስት ማቅረብ ያለበትን ነገር ድሃው ላይ መጫኛ እንዳይሆን" ነው። እስማማለሁ። ሸክላው ሰራ ተብሎ ፍሪጅ ያለው ጤና ጣቢያ አያስፈልግም ሊባል ነው? ሴቶቹ ስትሪፕ ገዙ ተብሎ ስትሪፕ ማቅረብ ሊቀር ነው? ኢንሱሊን መጋዘን ውስጥ ሲጠፋ የማንም ጥንካሬ ኢንሱሊን የሚያመነጭ ቆሽት አይሆንም። እኔ ምለው፣ የጎደለውን በጎደለነቱ መጻፍ አለብን፣ ሪፖርት መደረግ አለበት፣ የሷ ብልሃት ደሞ የኛን ጉድለት መሸፈኛ ተደርጎ ስብሰባ ላይ እንደ ምርጥ ተሞክሮ መቅረብ የለበትም። (ቀርቦ ነበር። ዝም አላልኩም።)

ቻርት ላይ እንዴት እንደጻፍኩት ለሚጠይቁኝ፦ ናንዳ (የነርሲንግ ዳያግኖሲሶች ዝርዝር) ውስጥ "ሬዲነስ ፎር ኢንሃንስድ" ብለው ሚጀምሩ ዳያግኖሲሶች አሉ፣ ሰውየው የተሻለ ለማድረግ ዝግጁ መሆኑን ሚያሳዩ፣ ተማሪ ሳለን ለፈተና ሸምድደን የተውናቸው። ከ"ኢምፔርድ" (የተጎዳ) እና "ሪስክ ፎር" (ያሰጋታል) ከሚሉት ጎን አንዷን ጻፍኩ፣ እሷን ሚደግፍ ዳታ ላይ ደሞ "ትጉ ናት" ምናምን ብዬ አልጻፍኩም፣ "ከሰላሳ በላይ የዱቤ ሂሳብ ያለ ስህተት ትይዛለች፣ ቁጥር ታነባለች፣ እቃ ያለ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ትችላለች፣ የእቁብ ዳኛ ናት፣ የእጣ ቀን ላይ ቀጠሮ አይሰጣት" ነው የጻፍኩት። ቀጥሎ ያለው ሺፍት እሱን አንብቦ የሚሰራው ነገር አለው። "አልጋ 6 አስቸጋሪዋ" ቀርቶ "አልጋ 6 ዳኛዋ" መባል የጀመረው በዛ ሰሞን ነው፣ ከዛ ስሪንጅ አስተማሪ አደረጓት፣ አጠገቧ አዲስ ኢንሱሊን የተጀመረላት አንዲት የገጠር ሴት ነበረች፣ በኦሮምኛ እሷው ናት ያስተማረቻት፣ እኔ ጎን ቆሜ ልኩን እያየሁ።

አሁን ያለችበት ሁኔታ፦ ቁስሉ ተዘግቷል፣ ጠዋት ሚለካው ስኳር ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 160 ነው፣ የሚፈለገው ቁጥር ባይደርስም ከመጣችበት ጋር አይገናኝም። ሽንቷ ላይ ፕሮቲን አንድ ጊዜ ታይቷል፣ ይደገማል። አይኗን ግን እስካሁን አልታየችም፣ ስኳር እዚህ አመት ሲደርስ ሬቲና በየአመቱ መታየት አለበት፣ ሪፈሩ ተጽፎላታል፣ ሰሞኑን ደሞ የስሪንጁ ቁጥር ማታ ማታ ይደበዝዝብኛል ስላለች ነገሩ ቀጠሮ ሚጠብቅ አይደለም። የማታውን ዶዝ ለጊዜው የእህቷ ልጅ ናት ምትቀዳው፣ አስተምረናታል። የአይኑን ቀን እሷ ራሷ መርጣ ሰጥታናለች፣ ብር እጇ ላይ የሌለበት ሳምንት ነው።